ጎንደር ላይ ዳዊት ስትገዙ፦ ከሽፋኑ በፊት 50ኛውን መዝሙር ግለጡ

ጎንደር ውስጥ ከየደብሩ ደጅ ጀምሮ እስከ ፒያሳ ሱቆች ድረስ መዝሙረ ዳዊት የሌለው የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ማግኘት ይከብዳል። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳያችሁ ሽፋኑን ነው፤ ወርቃማ መስቀሉን፣ ባለ ዚፑን ከረጢት፣ ውስጥ የተለጠፈውን ሥዕል። ዳዊት ግን የሚደገም መጽሐፍ ነው። ዕለት ዕለት ይገለጣል፣ ሌሊት በጧፍ ይነበባል፣ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፣ ሕማማት ሲገባ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እዚህ የምንመዝነውም በዚሁ ሥራው ነው።

መጀመሪያ ፊደሉ ይታይ። መዝሙር 50ን አውጡ፦ «ተሣሀለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ ወበከመ ብዝኀ ምሕረትከ»። በዚህች ጥቂት ቃል ውስጥ ንጉሡ ሠ፣ ሃሌታው ሀ፣ ዐይኑ ዐ፣ ብዙኃኑ ኀ እና ሐመሩ ሐ ተሰብስበዋል። አንዱ እትም «ተሣሃለኒ» ቢል ችግር የለውም። «ምህረትከ» ወይም «ሳህልከ» ብሎ ካተመ ግን የግዕዝ ዐዋቂ አላረመውም ማለት ነው፤ መልሳችሁ አስቀምጡት። በአማርኛ የፊደል ለውጥ ልማድ ሆኖ ያልፋል፤ በግዕዝ ግን ትርጉም ይገለብጣል። መሐረ ይቅር አለ ነው፣ መሀረ አስተማረ። ሠረቀ ወጣ ነው፣ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ፀሐይን ሌባ ያደርጋታል። በኮምፒውተር ተለቅመው በችኮላ የወጡ እትሞች ላይ ይህ ስሕተት ብዙ ነው፤ አንዱን ስታገኙ ሌላውን መቁጠር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ሙሉነቱ። ዳዊት ተብሎ የሚሸጥ መጽሐፍ 150ው መዝሙር ብቻ ይዞ ከቆመ ጎዶሎ ነው። ከ150ው በኋላ ከቍጥር ውጭ የሚታሰበው «ንኡስ አነ እምአኀውየ» የሚለው 151ኛው፣ ከዚያ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ የሰባቱ ቀን ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን እና ይዌድስዋ መላእክት የተባሉት የእመቤታችን ምስጋናዎች ሊኖሩበት ይገባል። የሳምንቱ ክፍፍል በእነዚህ ላይ የቆመ ነው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ መጨረሻው፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ጸሎተ ነቢያት የጎደለው እትም የገዛ ሰው እሑድ ባዶ እጁን ይቀራል። (የዓርቡ 20 ብቻ ነው ብሎ ደስ ያለው 118ኛው ላይ ይጠብቀዋል፤ አሌፍ ከሚለው የዕብራይስጥ ፊደል ጀምሮ 22 ክፍል፣ 176 ቍጥር ነው።) ጥሩ እትም የዕለቱን ስም በገጹ ራስጌ ወይም በቀይ ቀለም ያመለክታል፤ ያለዚያ ክር ወይም ጨርቅ ማስገባት የእናንተ ሥራ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የቍጥሩን ጉዳይ ነው። የግዕዙ ዳዊት የሚከተለው የሰብዓ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ አቈጣጠር ነው። «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» 22ኛ ነው፤ በዕብራይስጡ አቈጣጠር የታተመ ከሆነ 23ኛ ሆኖ ይመጣል። ልዩነቱ ከ9ኛው መዝሙር በኋላ ስለሚጀምር በዚያ እትም የሰኞውን 30 የጨረሰ ሰው በእርግጥ የደገመው 29 ነው፤ ማክሰኞም ጎረቤቱ ከሚጀምርበት አንድ መዝሙር ወደ ኋላ ቀርቶ ይጀምራል። ብቻውን ለሚጸልይ ይህ ብዙ ላይጎዳው ይችላል። በማኅበር ሲሆን ግን ያጋጫል። ዳዊት በዐሥር በዐሥር መዝሙር ተከፍሎ ንጉሥ የሚባል 15 ክፍል ነውና 15 አንባቢ ከተገኘ ለእያንዳንዱ አንድ ንጉሥ እየደረሰው ሙሉው መጽሐፍ በአንድ ንጉሥ ጊዜ ይፈጸማል። ከአንባቢዎቹ የሁለቱ መጽሐፍ ሌላ አቈጣጠር ከያዘ አንዱ መዝሙር ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ ሌላው ይዘለላል፤ ማንም ሳያውቀው «ተፈጸመ» ይባላል። ለማኅበር ወይም ለሰንበቴ የምትገዙ ከሆነ ሁሉንም ከአንድ እትም ግዙ፤ ሁለት ዓይነት ርካሽ ከመቀላቀል አንድ ዓይነት ጥቂት ይሻላል።

መጠኑን ስትመርጡ በምን እጅ እንደምትይዙት አስቡ። የእኛ ጸሎት የሚደርሰው በቁመት ነው፤ አንዱ እጅ መቋሚያ ወይም ጧፍ ይይዛል፣ ዳዊቱ በሌላው እጅ ብቻ ተገልጦ መቆየት አለበት። የኪስ ዳዊት ለመንገድ ጥሩ ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ግን ለሌሊት አይሆንም። ትልቁ አትሮንስ (የመጽሐፍ ማስቀመጫ) ይፈልጋል። መካከለኛው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፦ ክንድን አጠፍ አድርጎ በያዙበት ርቀት፣ ሱቁ ጥላ ውስጥ ቆሞ የሚነበብ ከሆነ ሌሊትም ይነበባል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት የጧፉን ብርሃን ወደ ዓይን ይመልሳል፤ ደብዛዛው ይሻላል።

ግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን ያለውን፣ ንባብ (የግዕዝ አነባበብ ትምህርት) ላልጨረሰ ሰው እንመክራለን፤ የሚጸልየውን ያውቃል። ንባብ ለጨረሰ ግን ውፍረቱ እጥፍ ነው፣ ዓይንም ወደ አማርኛው እየሸሸ ድግሙን ያደናቅፋል። አንድ ነገር አይጠበቅ፦ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል፣ ተነሽና ወዳቂ የሚባለውን የቃል አነባበብ ምልክት አድርጎ የሚያሳይ የተለመደ የኅትመት ዳዊት የለም። ይህ የሚገኘው ከየኔታ አፍ ነው።

ጥራዙ ላይ አትቸኩሉ። መሐሉን ገልጣችሁ ጀርባው ሥር ክር ይታይ እንደሆነ እዩ። በክር የተሰፋው ዓመታት ይቆያል። በሙጫ ብቻ የተጣበቀው መጀመሪያ የሚገነጠለው መጨረሻው ላይ ነው፣ ውዳሴ ማርያም በየቀኑ የሚገለጥበት ቦታ። ጎንደር ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አይጣል ነው፤ በጭቃ ግድግዳ መስኮት ላይ ያደረ መጽሐፍ እርጥበት ይስባል፣ ሙጫውም ይለቃል። በማኅደር (በቆዳ ከረጢት) አድርጎ ከግድግዳ አርቆ መስቀል የጥንቱ መፍትሔ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። የብራና ዳዊት «በርካሽ አለ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን አትግዙ፤ አሮጌ ብራና ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ነው፣ ቅርስ ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው።

ጧፉ ከዳዊቱ ጋር አብሮ ይገዛልና ስለሱ ጥቂት። የማር ሰም ጧፍ በእጅ ሙቀት ይለዝባል፣ ሲታጠፍ ይለመጣል እንጂ አይሰበርም፣ ሽታውም ማር ማር ይላል። ፓራፊን የበዛበት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ንጹሕ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ቶሎ አይንጠባጠብም። ፈትሉ ከሰሙ ከወፈረ ይጨሳል፣ ገጹንና ሥዕሉን ያጠቁራል፤ ከቀጠነ በቀለጠው ሰም ሰጥሞ ይጠፋል። ገጽ ላይ ከተንጠባጠበ በጥፍር አትፋቁት፤ ይድረቅ፣ በቢላ ጀርባ ላዩን አንሡ፣ ከላይና ከታች ሶፍት አድርጋችሁ ለብ ያለ ካውያ አሳርፉበት። ብራና ላይ ግን ካውያ አይነካም፣ ቆዳ ነውና ይኮማተራል።

የጸሎት መቁጠሪያ ስትገዙ ፍሬውን ቍጠሩት፤ ይኸው ነው። 41 ወይም 64 ፍሬ መሆን አለበት፤ 41ዱ ለኪርያላይሶንና ለእግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ 64ቱ የእመቤታችን ዕድሜ ነው። 39 ወይም 42 ሆኖ የሚገኘው ጥቂት አይደለም። የእንጨት ፍሬ በጥጥ ክር ይሻላል፤ የላስቲኩ ክር ይረግብና ፍሬው በጣት መካከል ይንሸራተታል፣ ቍጥሩም ይጠፋል።

በጥምቀት ሰሞን ፋሲል መዋኛ አካባቢና በየንግሡ ሸራ ዘርግተው የሚሸጡት የሚይዙት ዕቃ ከሱቁ ብዙም አይለይም፤ ነገ ግን እዚያው ቦታ አታገኟቸውም። ስለዚህ ምርመራው እዚያው ይለቅ። መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ 16 ገጽ ሆኖ ታትሞ ነው የሚታጠፈው፤ ሲጠረዝ አንዱ እጥፋት ሊዘለል ወይም ሁለቴ ሊገባ ይችላል፣ ይህም ከውጭ አይታይም። የገጽ ቍጥሩን በየ16 እየዘለላችሁ እስከ መጨረሻው ተመልከቱ። ፕላስቲኩ አይቀደድም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አጠገቡ ካለው ግዙ።