የኤፍቢአይ የ18 ዶላር ወረቀት፦ ለክሊራንስ ፎርም ይጠቅማል?

አሜሪካ ውስጥ ለሴኪዩሪቲ ክሊራንስ (ምስጢር ለሚነካ ሥራ የሚያስፈልግ የመንግሥት ፈቃድ) ኤስኤፍ-86 የሚባለውን ፎርም የሚሞላ ሰው፣ ፖሊስ ይዞት የሚያውቅ ከሆነ፣ ስለ መያዝና ስለ ክስ የሚጠይቀው ክፍል 22 ላይ ሲደርስ እጁ ይያዛል። ኤፍቢአይ ለባለቤቱ በ18 ዶላር የሚሰጠው፣ መያዝና ክስ የተመዘገበበት ወረቀት እዚህ ላይ ይረዳል። ገንዘቡ አይቆጭም። ብዙው ሰው የሚያወጣው ግን «ወረቀቱ ላይ ከሌለ አልጽፈውም» ለማለት ነው፤ ጉዱ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በኤፍቢአይ ድረ ገጽ ከፍሎ፣ በኢሜይል የሚመጣውን ማረጋገጫ ይዞ፣ አገልግሎቱን ወደሚሰጥ ፖስታ ቤት ሄዶ አሻራ መስጠት። የአሻራው ለብቻው ይከፈላል። በካርድ ተነሥቶ በፖስታ መላክም ይቻላል፤ ይዘገያል እንጂ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው አሻራው ነው፤ በበረኪና፣ በሲሚንቶ ወይም በዕቃ ማጠብ የሻከረ ጣት መስመሩ ስለማይወጣ ተመልሶ ይመጣል። ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ እጅን በቅባት ማለስለስ፣ በዕለቱ ደግሞ አጥቦ ማድረቅ ነው።

ለእኛ ሰው አንድ ጥሩ ጎን አለው። ፍለጋው በአሻራ ስለሆነ «መሐመድ» በሦስት ዓይነት ስፔሊንግ ቢጻፍ፣ የአባትና የአያት ስም ቢገለባበጥ ለውጥ የለውም። በነፃ የሚገኙት የሜሪላንድና የቨርጂንያ ፍርድ ቤቶች መፈለጊያዎች ግን በስም ስለሚሠሩ፣ አጻጻፉን ሁሉ መሞከር የግድ ነው።

ድክመቱ ብዙ ነው። የያዘው ጣቢያ፣ ቀኑና ክሱ ተዘርዝሮ ውጤቱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ፍርድ ቤቱ ካላሳወቀ ኤፍቢአይ ከየት ያመጣዋል? የተዘጋው ክስ ክፍት ይመስላል። ስለዚህ ጉዳዩ ከታየበት ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ ማውጣት ያስፈልጋል። የማረሚያ ጥያቄ ለኤፍቢአይ በነፃ ይቀርባል። አሻራ ሳይሰጥ መጥሪያ ብቻ ተቀብሎ የተለቀቀ ሰው ጭራሽ ላይታይ ይችላል። አዲስ አበባ ጣቢያ ያደረውንም እዚያ አትፈልጉት።

ፎርሙ ግን የተመዘገበውን ሳይሆን የሆነውን ነው የሚጠይቀው። ባለፉት 7 ዓመታት መያዝ፣ መከሰስ፣ ፍርድ ቤት ቅረብ ተብሎ መጥሪያ መቀበል ሁሉ ይጻፋል፤ ክሱ ቢዘጋም፣ መዝገቡ ቢታሸግም፣ ቢሰረዝም። ከተሰረዙት ውስጥ ሳይጻፍ የሚታለፈው በፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተሰረዘ አንድ ጠባብ ዓይነት ብቻ ነው። አልኮል ወይም ዕፅ የሌለበት፣ ከ300 ዶላር በታች የሆነ የትራፊክ ቅጣት አይጻፍም። የፌሎኒ (ከባድ ወንጀል)፣ የጦር መሣሪያ፣ የአልኮልና የዕፅ ክስ ግን ምንም ያህል ቢቆይ ይጠየቃል፤ ጠጥቶ መንዳትም እዚህ ውስጥ ነው።

አገር ቤት የሆነውን ሲሞሉ ዘመን መቀየር አይረሳ። ታኅሣሥ 2013 ፎርሙ ላይ ዲሴምበር 2020 ወይም ጃንዋሪ 2021 ነው፤ ሳይቀይር የቆጠረ ሰው 7 ዓመቱ አልፏል ብሎ ይዘለዋል። ቀኑ በትክክል ካልታወሰ ግምት መሆኑን የሚያመለክት ሳጥን አለ።

እያወቁ መዋሸት በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ክሊራንሱ በሚወሰንበት መመዘኛ የቆየ ጠብ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ መደበቁ ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የረሳ ሰው፣ መርማሪው ማስረጃውን ከማውጣቱ በፊት ራሱ ቀድሞ ቢያርም ይታሰብለታል።