ለፈተና ሰሞን እንቅልፍ፦ ዲያዜፓም ወይስ ያለ ኪኒን?

ደብረ ብርሃን፣ ታናሽ እህቴ ለፈተና ስታጠና እንቅልፍ እምቢ አላት። ጓደኛዋ ዲያዜፓም የተባለ የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጠቻት። ዋጠችና እንቅልፍ እስኪመጣ ማስታወሻ ጻፈች። ጠዋት የገዛ እጅ ጽሑፏን እንደ ሰው ደብተር አየችው።

ፍጥነት፦ ኪኒኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስተኛል። ያለ ኪኒን ሳምንታት ይፈጃል፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ የማታ ቡና መተው (እኛ ጋ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ)።

ትምህርት፦ ዋናው ይሄ ነው። ዲያዜፓም ጋባ የተባለውን አንጎል የሚያረጋጋ ኬሚካል ያበረታል። የድሮ ትውስታ አያጠፋም፤ ከዋጡት በኋላ ያነበቡት ግን በደንብ አይያዝም። ግማሹ ከደም እስኪወጣ ራሱ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ስለሚፈጅ የማታው ኪኒን ጠዋት ፈተና ክፍል አብሮ ይገባል። ያለ ኪኒን ስንተኛ ግን አንጎል የቀኑን ትምህርት ያጸናል።

አደጋ፦ ከአረቄ ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከለመዱት በኋላ በድንገት ማቆምም ያንቀጠቅጣል። እባካችሁ ከጓደኛ አትቀበሉ።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ወይም ለከባድ ጭንቀት ሐኪም ለአጭር ጊዜ ካዘዘው ኪኒኑ ቦታ አለው። ለሚያጠና ልጅ ያለ ኪኒን ይሻላል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ከወር ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ።