የልጁ ሽንት ለተቸገረ የአዳማ ወላጅ ሁሉ፦ እኚህን ሐኪም አሳዩ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሳልል ማለፍ አልቻልኩም።

ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ሲሸና ያቃጥለዋል፣ አንዳንዴ ሽንቱ ይቀላል፣ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናትም ተመለሰበት። የሄድንበት ሁሉ "ኢንፌክሽን ነው" እየተባለ አንቲባዮቲክ ነው። ካልቸሩ (ሽንቱ ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ) ንጹህ ሆኖ ሲመጣም ያው አንቲባዮቲክ! አንዱማ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየን ነው የጻፈልን። ሌላው "ካልሲየም በዝቶበታል፣ ወተት ይቁም" ብሎ ሸኘን። ገንዘቡስ ይሁን፣ ልጄ ሽንት ቤት መግባት መፍራቱ ነው ያንገበገበኝ።

በሰው ጥቆማ እኚህን የልጆች ሐኪም አገኘሁ። ገና ከመቀመጣችን "ከቤተሰብ የኩላሊት ጠጠር ያለበት አለ?" አሉኝ። አባቱ አለበት! ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር። የሙሉ ቀን ሽንቱ ተጠራቅሞ ካልሲየሙ ተለካ፤ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ4 ሚሊግራም ካለፈ ብዙ ነው አሉ፣ የሱ አልፏል። ለካ ያስቸገረው በሽንቱ የሚወጣው ካልሲየም መብዛቱ ነው። ሌላ በሽታ ግን አልተገኘበትም። ብዙ ልጆች ላይ እንዲሁ ነው የሚመጣው፣ በዘርም ይሄዳል አሉኝ። ቫይታሚን ዲ ሲበዛም ስለሚያመጣው የሚወስደውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ።

"ወተቱን እንዳትከለክይው፣ አጥንቱ ይጎዳል። የምትቀንሺው ጨው ነው" አሉኝ። ጨው ሲበዛ ካልሲየሙም አብሮት በሽንት ይወጣል አሉ። ችፕስ ቀረ፣ የወጡ ጨው ቀነሰ፣ ፍራፍሬ በዛ፣ ውሃ ደግሞ ቀኑን ሙሉ። በዚህ ካልተሻለው የሚሰጥ መድኃኒት አለ ብለውኛል፣ እስካሁን አላስፈለገውም።

ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው። ልጁን ራሱን "ክፍል ውስጥ ውሃ ትጠጣለህ?" ብለው ጠየቁት። "ቲቸር ሽንት ቤት ስለማታስወጣኝ አልጠጣም" አላቸው። በዚህ በአዳማ ሙቀት! ወረቀት ሳቡና "ውሃ ሲጠማው ይጠጣ፣ ሽንቱ ሲመጣ ይውጣ" ብለው ጻፉ፣ ማህተም መቱበት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡለት። ለእኔ ሳይሆን ለሱ ነው የሰጡት። ደብተሩ መሃል ከቶ ይዞት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የሚከለክለው የለም።

አሁን ሽንቱ ጠርቷል፣ ማቃጠሉም ጠፍቷል። እድሜና ጤና ይስጥልኝ ዶክተርዬ! እናንተም ልጃችሁ ሽንቱ ከቀላ ወይም ካቃጠለው፣ በተለይ ቤተሰብ ውስጥ ጠጠር ካለ፣ አትዘግዩ። አሳዩዋቸው፣ ደግሜ እላለሁ አሳዩዋቸው። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።