ሽሮ ሜዳ ያሰፋሁት ቀሚስ እና በ11 ሰዓት ተኩል የሚዘጋው ሱቅ

ለእህቴ መልስ የለበስኩትን የሐበሻ ቀሚስ ብዙ ሰው «የት አሰፋሽው?» እያለ ስለጠየቀኝ ልጻፈው። ሽሮ ሜዳ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ሱቅ። ባለቤቷ ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ የሱቁንም የእሳቸውንም ስም አልጠራም።

ከቀሚሱ ልጀምር። ጨርቁ መነን ነው። ስስ ነው፣ ግን ገላ አያሳይም። ጥልፉ ደረቱና የእጅጌው ጫፍ ላይ ነው፤ አረንጓዴና ወርቃማ ክር። ገልብጬ በውስጥ በኩል አየሁት። የተንጠለጠለ ክር አላገኘሁም። አንዴ በእጅ አጥቤዋለሁ፣ ቀለሙ አልለቀቀም። ርዝመቱ ግን ሁለት ጣት ያህል በልጦ ነበር። መልሼ ስወስደው እዚያው እየጠበቅሁ አሳጠሩልኝ። 16,500 ብር ከፈልኩ። አጠገቡ ያሉት ሱቆች ለተመሳሳይ ሥራ 14,000 ብለውኝ ነበር። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የሄድኩት ጥር 9 ነው። ሰርጉ ጥር 24። የፈለግሁት ከደረት እስከ ታች የሚወርድ ሙሉ ጥልፍ ነበር። ባለቤቷ የትእዛዝ ደብተራቸውን ገልጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄ አይደርስልሽም። ከፊትሽ ሰባት ሰው አለ» አሉኝ።

«ማታ ማታ ይሥሩልኝ፣ 2,000 ብር እጨምራለሁ» አልኳቸው።

«ማታው የልጆቹ ነው። ልጠይቃቸው» አሉ።

እዚያው እኔ ፊት ጠየቋቸው። አንደኛው ጠላፊ የማታ ተማሪ ነው። «ፈተና አለብኝ፣ አልችልም» አለ። ሁለተኛዋ ሕፃን ልጅ አላት። እሷም «ይቅርብኝ» አለች። ማንም ፊቱን አላጠቆረም፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። ባለቤቷ ወደ እኔ ዞረው «ሰማሽ አይደል? ጥልፉን እናሳንሰው፣ በቀን ሥራ ብቻ ይደርሳል» አሉኝ። ተስማማሁ። ቀብድ ከፍዬ፣ ልኬን ሰጥቼ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ግን ያልኩት ነገር ከነከነኝ። ምክንያቱም እኔ ማታዬን ስንት ዓመት ሙሉ ሰው እንዲሁ ሲወስድብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በፊት የነበርኩበት ድርጅት ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ የቴሌግራም ግሩፑ ይጮሃል። «ነገ ጠዋት እፈልገዋለሁ» ይላል አለቃችን። ልጄን በአንድ እጄ እያባበልኩ በሌላኛው መልስ እጽፋለሁ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ ሐምሌ በሙሉ ቤቴ የምገባው ለመተኛት ብቻ ነበር። አንዱን ሐምሌ ሰዓቱን እየመዘገብኩ ያዝኩ። 61 ትርፍ ሰዓት ሆነ። ደመወዜ 14,400 ብር ነበር። ለወሩ መደበኛ የሥራ ሰዓት፣ ለ208 ሲካፈል የሰዓቱ 69 ብር ከምናምን ይመጣል። በአንድ ተኩል ሲባዛ የ61 ሰዓቱ ከ6,300 ብር በላይ ነው። አምስት ሳንቲም አልተከፈለኝም። ስጠይቅ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ተባልኩ። ቤተሰቤ የሚጠብቀኝ ግን ቤት ነበር።

አንድ ተኩሉን ከራሴ አላመጣሁትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ለተሠራው ክፍያው 1.5 እጥፍ፣ ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ ነው። በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። እኔ ይህን የሰማሁት ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። የሐምሌዋ 61 ሰዓት ያኔ ዓመት አልፏት ነበር።

ጥር 20 ቀሚሱን ልለካ ስመለስ ከስፌት መኪናው አጠገብ በገመድ የተንጠለጠለ ደብተር አየሁ። የሙያዬ ነገር ሆኖ ዓይኔ እዚያው ቀረ። ጠላፊው አውርዶ አሳየኝ። ስም፣ ቀን፣ የገባበት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ፊርማ። የገና ሰሞን ሁለቱም ተስማምተው በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ለስድስት ቀን አምሽተዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ጎኑ ላይ የሰዓቱ ሒሳብ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ተጽፏል። «ተከፍሏል» የሚል አለ፣ ከሥሩም የሁለቱ ፊርማ።

ቆሜ ደጋግሜ አየሁት። ስንት ሠራተኛ ያለበት፣ የሰው ኃይል ክፍል ያለው፣ ሶፍትዌር የገዛ ድርጅት ውስጥ ሠርቼ እንዲህ ያለ አንድ ገጽ አይቼ አላውቅም። እዚህ ባለ 50 ቅጠል ደብተርና አንድ እስክሪብቶ በቅቷል። 2,500 ብሩን አስበልጬ የከፈልኩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፣ አልቆጨኝምም።

የማይመች ነገርም አለ። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ተጠንቀቁ። መስታወቱ ትንሽ ስለሆነ የቀሚሱን ታች ለማየት ወንበር ላይ መቆም ይጠይቃል። የጥልፍ ዓይነት አልበማቸውም ያረጀ ነው፣ የምትፈልጉትን በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ለፋሲካ የምታስቡ ካላችሁ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቀብድ አስይዙ። እሑድ ዝግ ነው። በሌላው ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ስልክ አያነሱም፣ እኔም ሁለቴ ሞክሬ ጠዋት ነው ያገኘኋቸው።