ለቱሉ ዲምቱው ጋሼ፦ መኪናዬን ከገዛ ጨርቄ ላዳኑልኝ

ሰላም የሰፈሬ ሰዎች፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት መኪናችሁን በደረቅ ጨርቅ ወልውላችሁ ወደ ሥራ የምትወጡ። ለአንድ መኪና አጣቢ ይህን ያህል ይጻፋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከአምስት ወር በፊት ቢሆን እኔም እል ነበር።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። መኪናዬ የ2005 ሞዴል ቪትዝ ናት፣ ጥቁር ሰማያዊ። ዕቁብ ሲደርሰኝ ከባንክ ብድር ጋር አጣጥሬ የገዛኋት ስለሆነች ዓይኔ ይሳሳላታል። ቀለሟን ስመርጥ ግን ‹‹አቧራ አገር እየኖርሽ ጥቁር አትውሰጂ›› ያለኝ ሰው አልነበረም። የሰፈራችን ስም ራሱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት አይደል? ጥርና የካቲት ላይ የገረጋንቲው አቧራ ጠዋት የተወለወለውን መኪና ለምሳ ሰዓት ቀይ አድርጎ ይጠብቃችኋል። የፈጣን መንገዱ አፍ ላይ ስለሆንን የከባድ መኪናውም ነገር ታውቁታላችሁ።

የብሎካችን ጥበቃ አባባ ጠዋት በአሮጌ ሸሚዝ ቅዳጅ አቧራዋን ያብሱልኛል፤ እኔም በወር 300 ብር እሰጣቸዋለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ላቫጆ እወስዳታለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ቸርኬውን ሲያሽ የነበረው ልጅ ጨርቁን ባልዲ ውስጥ አንዴ ነከር አድርጎ በዚያው ኮፈኑን ሲያሽ ቆሜ አይቻለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ፈጣን ልጅ ነው ብዬ ጉርሻ ሰጥቼዋለሁ።

ዓመት ሳይሞላ ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር መጣ። ጥላ ውስጥ ስትቆም የለም፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ብቻ ክብ ክብ እየሠራ ይወጣል። አንድ ጋራዥ ሙሉ ቀለም ካልተቀባች አይለቅም አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ አመስግኜ ቁልፌን ተቀበልኩ።

ጋሼ ጋ የሄድኩት ለዚህም አልነበረም። ከአዳማ ማታ ስመለስ የሞተው ነፍሳት ሁሉ ፓራውልቱ ላይ ተጣብቆ አልለቅ ሲለኝ፣ ጎረቤቴ ‹‹ጋሼ ጋ ውሰጃት›› አለችኝ። ሰፈሩ ከዚህ ሌላ ስም አይጠራላቸውም። ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የቀለሙ ሽታ ደረታቸውን ሲያስቸግራቸው ትተውት አሁን ከእህታቸው ልጅ ጋር መኪና ያጥባሉ። ልዩነቱም ከዚህ ይመስለኛል። ሌላው አጣቢ የሚያየው ቆሻሻውን ነው፤ እሳቸው የሚያዩት ቀለሙን።

እንደ ደረስኩ፣ ወረፋ እስኪደርሰኝ ብዬ ከወንበሬ ሥር ጨርቅ አውጥቼ ኮፈኑን ማበስ ጀመርኩ። ከወዲያ ማዶ ሆነው ጮኹብኝ።

‹‹ልጄ! እሱን ጨርቅ አስቀምጪው!››

‹‹ምነው ጋሼ? አቧራውን ላቅልልሎት ብዬ ነው እኮ።››

‹‹ውሃ ሳይነካት እጅ አይነካትም።››

ፊቴ ሳይገባኝ እንደቀረ ያስታውቅ ነበር መሰለኝ፣ ከመደርደሪያ የድሮ ቪሲዲ አወረዱ። የሚያብረቀርቀውን ፊት ወደ ላይ አድርገው ከመኪናዬ ጣሪያ ትንሽ አቧራ በተኑበትና በዚያው በእኔ ጨርቅ አምስት ጊዜ ዞር ዞር አደረጉት። ከዚያ ለፀሐይ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። የኮፈኔ የሸረሪት ድር ቁልጭ ብሎ ሲዲው ላይ አለ! ሌላ ሲዲ ደግሞ አቧራ በትነው መጀመሪያ ውሃ አወረዱበት፣ ከዚያ በሳሙና በራሰ ጓንት ዳሰስ አደረጉት። እሱ ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አልታየም። ያን ጊዜ አባባን፣ የሸሚዙን ቅዳጅና የ300 ብሬን ነገር አንድ ላይ አሰብኩ።

እንዳስረዱኝ ከሆነ ሰማያዊው ቀለም ላይ ክሊር የሚባል መስታወት የመሰለ ንጣፍ አለ። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከአንዲት የጸጉር ዘለላ ይሳሳል። አቧራ የምንለው ደግሞ ዱቄት ሳይሆን የተፈጨ ድንጋይ ነው። ቤት ገብቼ ሳነብ፣ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ነው፤ ተራ ቢላዋ ወደ 5 ተኩል ገደማ። እኛ እንግዲህ ይህን ድንጋይ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለን ነው ‹‹ሳጸዳ›› የምንለው። ጭረቱም እንኳ ክብ አይደለም፤ በየአቅጣጫው የተጫጫረ ነው። ፀሐይዋ ወደ እሷ የዞረውን ብቻ እየለየች ስለምታበራው በዙሪያዋ ክብ መስሎ ይታያል።

አጠባቸው ላይ ዓይኔን ተክዬ ነው የዋልኩት። ገበሬ ፀረ አረም የሚረጭበት፣ በጀርባ የሚታዘለው 16 ሊትር መርጫ አላቸው (አዲስ የተገዛ ነው፣ መድኃኒት ነክቶት አያውቅም፤ ጠይቄያለሁ)። በእሱ መጀመሪያ ንጹህ ውሃ፣ ቀጥሎ የመኪና ሻምፑ አረፋ ይረጩባታል። አረፋው አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል እንጂ እንዲደርቅ አይተዉትም። ሲያጥቡት ሲወርድ የነበረው ቀይ ጭቃ! እጅ ገና አልነካትም እኮ። የነፍሳቱም ነገር እንዲሁ ነው፣ ርሶ ለስልሶ በራሱ ወረደ። የወፍ ኩስ ካለ እርጥብ ሶፍት ለጥፈውበት ይጠብቃሉ፤ በጥፍር የሚፍቅ ሰው ካዩ አንጀታቸው ያርራል።

ከዚያ ሁለት ባልዲ ይመጣል፣ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹህ ውሃ። በንጹሁ ባልዲ ውስጥ ምን አድርገው እንደሆን ገምቱ፤ የፓስታ ማጥለያ ገልብጠው! ጓንቱን ማጥለያው ላይ አሸት ሲያደርጉት አሸዋው በቀዳዳው ገብቶ ከሥር ይቀራል፣ ተመልሶ ጓንቱ ላይ አይወጣም። ስፖንጅ አይጠቀሙም፤ ፊቱ ልሙጥ ስለሆነ አሸዋውን ከቀለሙ ጋር አጣብቆ ይጎትተዋል ይላሉ። ጸጉራሙ ጓንት ግን ወደ ውስጥ ይደብቀዋል። ከጣሪያ ጀምረው ቀጥ ባለ መስመር ወደ ታች ይወርዳሉ። የበሮቹ ግርጌና ፓራውልቱ መጨረሻ ናቸው፣ ያውም በሌላ ጓንት። ቸርኬ የራሱ ባልዲና የራሱ ብሩሽ አለው። ላርጎና የዱቄት ሳሙና ግቢያቸው አይገባም፤ ዘይት ለማስለቀቅ የተሠራ ሳሙና ቀለሙን ለመጠበቅ የተቀባውን ሰምም ይዞት ይሄዳል ባይ ናቸው።

ሲያደርቁም አያሹም። ትልቁን ፎጣ ዘርግተው ውሃውን ያስጠጡታል። አንዴ የእህታቸው ልጅ ፎጣ መሬት ወደቀበት። አንስቶ አራግፎ ሊቀጥል ሲል ጋሼ ዞረው ሳያዩት እንኳ ‹‹እሱ ለቸርኬ ተመደበ›› አሉት። የታጠቡት ጨርቆች ደግሞ የሚሰጡት ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ነው። አጥር ላይ ቢሰጡ የመንገዱን አቧራ ጠጥተው ይመለሳሉ።

ስለ ላባ ማራገፊያ ጠየቅኳቸው፣ ባለ ታክሲዎቹ ስለሚወዱት። ቤት ውስጥ ባደረች መኪና ላይ ያረፈ ስስ ብናኝ ከሆነ፣ ሳይጫኑ በላይ በላዩ ማለፍ ምንም አይልም አሉ። እንደኛ ሰፈር የተጋገረ አቧራ ከሆነ ግን ላባውም ያው ጨርቅ ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ታማኝነታቸው ነው። የነበረውን ጭረት ፖሊሽ አድርገው አጥፍተውልኛል፤ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ጠፍቷል ብል አላጋነንኩም። አንዱን ግን፣ የኋላ ግራ በር ላይ ያለውን፣ ጥፍራቸውን አሻግረውበት ‹‹ይሄ ጥፍር ይይዛል፣ ጥልቅ ነው፣ ገንዘብሽን አልበላም›› ብለው ተዉት። በሦስተኛው ወር ‹‹ጋሼ፣ ለበዓል ፖሊሹን እንድገመው?›› ስላቸውም እምቢ አሉኝ። ፖሊሽ ማለት ክሊሩን ማሳሳት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ፀሐዩ ራሱ ይበላዋል፤ ክሊሩ ያለቀበት ቀለም ገርጥቶ ይቀራል። 400 ብር የአጠባ ብቻ ከፍዬ ሄድኩ። የሚመጣን ገንዘብ የሚመልስ ባለሙያ ካያችሁ ቆያችሁ?

የአባባ ጉዳይ ነበር የከበደኝ። ‹‹ከእንግዲህ አያብሱልኝ›› ብላቸው ለ300 ብሩ የሳሳሁ ይመስላቸዋል። ጋሼን አማከርኳቸው። ‹‹ብሩን አትንኪ፣ ሥራውን ቀይሪላቸው›› አሉኝና የእጅ መርጫ ሰጡኝ። አሁን አባባ ጠዋት መስታወቱን፣ ስፖኪዮውንና ባውዛውን ብቻ ውሃ ረጭተው ያጸዱልኛል፤ ላሜራውን አይነኩም። መጀመሪያ ቀን ግን ቅር ብሏቸው ‹‹እኔ እኮ የማብሰው ስትወጪ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው›› አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ሲዲውን አምጥቼ ካሳየኋቸው ወዲህ የብሎኩን ሰው ሁሉ ጨርቅ እየቀሙ ነው።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፣ ሄዳችሁ እንዳትጣሉ። ቀርፋፋ ናቸው፤ ለትንሽ መኪና ሰዓት ተኩል ይፈጅባቸዋል። ሞተር አያጥቡም። ፀሐይ ሲበረታ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ጣሪያ የሌለው ቦታ ላይ አያጥቡም፤ ሳሙናውና ውሃው የጋለ ላሜራ ላይ ደርቆ ነጠብጣብ ይተዋል። ባለ ጣሪያው ቦታ ደግሞ ለአንድ መኪና ብቻ ነው። እሑድ ዝግ ነው። ውሃ በጠፋበት ሳምንት ሮቶው ካለቀ አለቀ፣ መለመን ዋጋ የለውም። ክፍያ በቴሌብር ይቀበላሉ።

ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል፤ በቀን ከአምስት መኪና በላይ አይወስዱም። ከአደባባዩ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ ጋሼ የሚያጥቡት የት ነው ብላችሁ ሱቅ ብትጠይቁ ይነግሯችኋል፤ ቆርቆሮ አጥር፣ ሁለት ጥቁር ሮቶ። የቅዳሜ ጠዋት የ1 ሰዓቷ ተራ ግን የእኔ ናት። እሷን የወሰደብኝ ካለ ይህን ጽሁፍ አጠፋዋለሁ።