ወተቱ ሲፈላ አልተበጣጠሰም ብላችሁ እንዳትታለሉ

ሱሉልታ መንገድ ዳር በቢጫ ጀሪካን ከሚሸጡት የምትገዙ፣ ለበዓል እርጎ የሚሆን ወተት ከማዘዛችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ከአንዱ 10 ሊትር ገዝቼ ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ደፋሁት።

የተታለልኩት እንዲህ ነው። «የዛሬ ጠዋት ነው?» አልኩት። «እትዬ፣ ራስዎ ይዩት እንጂ» ብሎ ከጀሪካኑ በኩባያ ቀዳና ትንሽ ድስት ላይ ገልብጦ ከሰሉ ላይ ጣደው። ገነፈለ፤ አንድም ቦታ አልተበጣጠሰም። ከፈልኩ። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። ያደረ ወተት ሲፈላ የሚበጣጠሰው አሲዱ ስለጨመረ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ጣል ሲደረግበት ግን ሶዳው አሲዱን ያጠፋዋል፤ የቆየውም እንደ ትኩስ ይፈላል። ማፍላት የሚያጋልጠው ሶዳ ያልገባበትን ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ ድስቱን አይቼ አመንኩ! ደግሞም ጾም ነው። ገዢ ሲጠፋ የትናንቱ ከዛሬው ጋር እየተቀላቀለ እንደሚሸጥ የማያውቅ የለም።

ወተቱን በወይራ በታጠነ ቅል አስቀመጥኩት። ደህና ወተት በዚህ ብርድ እንኳ በ2 ቀን፣ ቢዘገይ በ3 ይረጋል። ይህ በ4ኛውም ቀን አልረጋም። ላዩ ቢጫ ውሃ፣ ሥሩ ዝልግልግ፣ ሽታው እንደ እርጎ የኮመጠጠ ሳይሆን የበሰበሰ። ወተት የሚረጋው በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በሚያወጡት አሲድ ነው። ሶዳው ያንን አሲድ እያጠፋ ሲያዘገየው የሚያበሰብሱት ይቀድማሉ። ካልረጋ ደግሞ አይገፋም፤ ቅቤ የለም፣ አሬራ የለም፣ ከአሬራው የሚወጣው አይብም የለም። ከ10 ሊትር ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቅቤ ነበር የጠበቅሁት፣ እሱም ቀረ።

በጠርሙስ ቀድቼ ይዤለት ሄድኩ። ያ «እትዬ» እያለ ሲያግባባኝ የነበረው ልጅ ጠርሙሱን እንኳ አልተቀበለኝም። በሰው ፊት «ቅልሽን በደንብ ሳታጥቢ ቀርተሽ ነው» አለኝ። ገንዘቤን ሲፈልግ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ወተቱን ስመልስ «አንቺ» ሆንኩ። ቆመው የነበሩት ገዢዎች ሳቁ፤ እሱም ለእነሱ መቅዳቱን ቀጠለ። ስለ ወተቱ ሳይሆን ስለ ቅሌ መናገሩ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ለበዓል ብዙ ከማዘዛችሁ በፊት ከሳምንት ቀደም ብላችሁ 1 ሊትር ብቻ ግዙና ሳታፈሉት አንድ ብርጭቆ አስረጉ። ካልረጋ፣ ወይም ረዘም አድርጋችሁ ስታፈሉት ቀለሙ ወደ ቡናማ ካደላ፣ ወይም የፈላው ምላስ ላይ ሳሙና ሳሙና ካለ፣ ከዚያ ሰው አትግዙ።