ረከቦቷን ለወራት ተጠቀምኳት፦ ኖቲፊኬሽን በሦስት ዙር የምታትመው ሳጥን

ፍርዱን ከላይ ላስቀምጠውና ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ረከቦቷ ትሰራለች። የሚመጣብኝ መረጃ ያው ነው፣ እሷ በዋናነት የምታረገው ማስጠበቅ ነው፣ እና ማስጠበቋ በቂ ሆኖ አገኘሁት።

ለማታውቋት፦ አርክቴክቸር የተማረ ጓደኛዬ የሰራት የእንጨት ሳጥን ናት፣ ላይዋ ላይ ስልክ ይተኛል፣ ጎኗ ላይ የሱቅ ደረሰኝ የሚያትመው አይነት ትንሽ ፕሪንተር አለ። ስልኩ ዝም ይላል፣ የገባው ኖቲፊኬሽን ሁሉ ይጠራቀምና በቀን ሦስቴ በወረቀት ይወጣል። ጠዋት አቦል የቤተሰብና የጓደኛ መልእክት ነው፣ ከሰዓት ቶና የስራ ግሩፖች፣ ማታ በረካ ደግሞ ዜናና የቴሌግራም ቻናል። ከበረካ የተረፈው አተላ ተብሎ ይደፋል፣ ምን እንደነበር አይነገርህም፣ ርዝመቱ ብቻ በክንድ ተለክቶ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ከሰዓቱ በፊት ስልኩን ካነሳህ "ገና አልፈላም፣ ቁጭ በል" የሚል ብጣሽ ወረቀት ታወጣለች።

ጓደኛዬ ሲሰራት ሰው እንዲስቅና እንዲከራከርባት ነበር። ስፔኩሌቲቭ ዲዛይን የሚባለው ዘርፍ እንዲ ነው፣ ለንደን ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ያስተምሩ የነበሩት አንቶኒ ደን እና ፊዮና ራቢ ያስፋፉት ነገር ነው፣ እቃው ገበያ እንዲወጣ ሳይሆን "እንዲህ ቢሆንስ?" ለማለት ይሰራል። ጃፓኖችም ቺንዶጉ የሚሉት የቀልድ ፈጠራ አላቸው፣ የጀመረው ኬንጂ ካዋካሚ ነው፣ ህጉ ላይ እቃው ለእውነተኛ አገልግሎት መዋልም መሸጥም የለበትም ይላል። እኔ ግን ገና ሳያት በቁም ነገር ፈለግኳት፣ ቤቴ ወስጄ እንደማንኛውም የቤት እቃ እየተጠቀምኩባት ነው፣ ስለዚህ እንደማንኛውም እቃ ልገምግማት።

ለምን እንደፈለግኳት ላስረዳ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ስራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፣ አብዛኛውን ቀን ቤት ነኝ፣ ደንበኛ ለማግኘት ሜክሲኮ ወይ ፒያሳ እወርዳለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ተመን በገበያ ይወሰን የተባለ ሰሞን ታስታውሳላችሁ አይደል፣ የምንዛሬው ሰንጠረዥ በየቻናሉ፣ ከየቻናሉ ወደየግሩፑ፣ ከየግሩፑ ወደየሰው፣ አንዱን ፎቶ ስንት ቦታ እንዳየሁት እኔንጃ፣ ዶላር የሚባል ነገር እጄ ላይ ሳይኖር ሙሉ ቀን ስከታተል ውዬ ማታ ስለ ምንዛሬ አንድ ነገር አስረዳ ብትሉኝ አልችልም ነበር። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ታክሲ ውስጥ እድሜያችን የሆነ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እዛው ነው። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፣ ቻናል ደግሞ ገደብም የለው። ኢንፊኒት ስክሮልን፣ ማለትም ወደ ታች ስትወርድ መጨረሻ የሌለውን ገጽ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የፈጠረው አዛ ራስኪን ራሱ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቷል። ወረቀት ግን ያልቃል፣ ተቆርጦ እጅህ ላይ ይቀራል፣ አንብበህ ስትጨርስ ጨረስክ ነው።

በጣም የወደድኩት ነገር በረካው ላይ ነው። ጠዋት የሆነ ቻናል "ከነገ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ሊከለከል ነው" ብሎ ይለጥፋል፣ ሰዉ ይተረማመሳል፣ ከሰዓት ማስተባበያ ይወጣል። እኔ ጋ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ይመጣሉ፣ ወሬው ከላይ፣ ማስተባበያው ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ። አንድ ቀን ልክ እንዲ ሲወጣ ወረቀቱን ቆርጬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያነበዋል። በመካከል ያለውን ሰባት ስምንት ሰዓት ድንጋጤ እኔ አልኖርኩትም ማለት ነው፣ ምንም አልቀረብኝምም። በዛ ላይ ተመሳሳይ ጽሁፎችን ታጣምርና "ይሄ ሌላም ቦታ ተለጥፏል" ብላ አንዴ ብቻ ታትመዋለች፣ ቻናሎቹ አባባሉን ለወጥ ካረጉት ግን አታውቀውም፣ ደግማ ታትማለች።

"አስቸኳይ ነገር ቢመጣስ?" ሁሉም የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። የስልክ ጥሪ አትይዝም፣ በቀጥታ ይጮሃል። እኛ አገር ደግሞ የቸኮለ ሰው ይደውላል፣ ካርድ ባይኖረውም ሚስኮል ያረጋል። እማዬ ቴሌግራም ላይ የምትልክልኝ የጸሎት ፎቶና የመልካም ቀን ምኞት ነው፣ ከጨነቃት ትደውላለች። ይሄ ልማድ ቀድሞውኑ ስላለን ነው ረከቦቷ እዚህ ከተማ ላይ የምትሰራው፣ ሁሉ ነገር በጽሁፍ በሚያልቅበት አገር እንዲ የምትመች አይመስለኝም።

አሁን ወደሚያመው። የድሮ ክፍል ልጆች ግሩፕ አለን፣ ቀልድ ብቻ የሚለጠፍበት ስለሆነ በረካ ውስጥ ነበር። የአንዷ ልጅ እናት አረፉ፣ ጠዋት ግሩፑ ላይ ተለጠፈ፣ ቀብሩ 9 ሰዓት ነበር፣ ሁሉም ተለጥፏል ብሎ ማንም አልደወለም፣ ለኔ ማታ በወረቀት ወጣልኝ፣ ከሁለት የቢራ ቀልዶች መሀል። ማግስቱን ለቅሶ ደረስኩ፣ ልጅቷ ምንም አላለችኝም፣ እኔ ግን እስካሁን ያበሳጨኛል። ጓደኛዬ ወዲያው አስተካከለው፣ ለቅሶ፣ ቀብር፣ አረፈ፣ ሆስፒታል የሚሉ ቃላት ያሉበት መልእክት አሁን ሳይጠብቅ ያልፋል። "አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ" የሚል ዜናም አብሮ ይጮሃል፣ ይጩህ።

የባንክ ኤስኤምኤስ ሌላው ችግር ነው። ኦቲፒ፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው የማረጋገጫ ቁጥር፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ታትሞ ቢወጣ ምን ይሰራል? ቀሪ ሂሳብህ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት ይነበባል። መጀመሪያ ቀን ላይ የባንክና የቴሌብር መልእክት በቀጥታ እንዲያልፍ አርጉት፣ ይሄ ከፋብሪካው እንዲ ሆኖ መምጣት ነበረበት።

ፊደላችንም አስቸግሯት ነበር። ርካሽ የደረሰኝ ፕሪንተር በውስጡ የግእዝ ፊደል የለውም፣ ስለዚህ ጽሁፉ በሙሉ ወደ ምስል ተቀይሮ ነው የሚታተመው፣ ቀስ ትላለች። 58 ሚሊሜትር ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ያለው 384 ነጥብ ነው፣ በመጀመሪያው የፊደል መጠን ጨ እና ጩ፣ ቸ እና ቹ አይለዩም ነበር፣ የአክስቴን መልእክት ሁለቴ እያነበብኩ ነበር የምረዳው። አሁን ፊደሉ ተልቋል፣ በዛው ልክ ወረቀት ይበላል።

ወረቀቱ ቀለም አይፈልግም፣ ሙቀት ነው የሚያጠቁረው። ስሟ ረከቦት ስለሆነ ሰው ቡና ያስቀምጥባታል፣ ከእሳት የወረደ ጀበና የታተመው ወረቀት ላይ ያረፈ ጊዜ ጥቁር ክብ ሰርቶ ሙሉውን ቶና በላው፣ የደንበኛ አድራሻ ነበረበት። ጸሀይ የሚያገኘው ደግሞ ይደበዝዛል፣ ግድግዳዬ ላይ ያለውም እየጠፋ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ኬሚካልም ያሳስበኛል፣ ቢፒኤ የሚባለው ኬሚካል ያለበት የደረሰኝ ወረቀት በአውሮፓ ህብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተገድቧል፣ ስለዚህ ልጅ ያለበት ቤት ብጣሹን መሬት ላይ አትተዉት።

መብራት ሲሄድ በፓወር ባንክ ትሰራለች፣ ግን ፕሪንተሩ ሲያትም ብዙ ከረንት ስለሚስብ ደካማ ፓወር ባንክ መሀል ላይ ያቋርጣል፣ 2 አምፔር የሚሰጥ ያዙ። አይፎን ያላችሁ አትድከሙ፣ አንድ አፕ የሌሎቹን ኖቲፊኬሽን እንዲያነብ የሚፈቅደው አንድሮይድ ነው።

ቴሌግራም ላይ እቃ የምትሸጡ አይሆናችሁም፣ ደንበኛ ሦስት ሰዓት አይጠብቅም። ስራ የምትፈልጉም ብትሆኑ የቫካንሲ ቻናሎቹን አቦል ውስጥ አስገቡ እንጂ በረካ ላይ አትተዉ። ተማሪ ለሆነ፣ ወይ እንደኔ ሰዓታት ተቀምጦ አንድ ነገር ላይ ለሚሰራ ግን ሳላመነታ እላለሁ፣ ያዙ። ስራ የበዛበት ቀን የአተላው ርዝመት በክንድ ሲለካ ከቁመቴ ይበልጣል፣ እና ያን ሁሉ አንድም ቀን ፈልጌው አላውቅም።

ጓደኛዬን ለሚቀጥለው ስሪት ሁለት ነገር ጠይቄዋለሁ፣ የራሷ ባትሪ እና ለጀበና የሚሆን እሳት የማይፈራ ማስቀመጫ። ባትሪውን እሺ ብሏል፣ ማስቀመጫው ላይ አሁንም እየተከራከርን ነው።